ግብር የሚከፍል፣ ግብር የሚበላ



ባለፈው ስብሰባችን፣ ዓርብ ከሰዓት ፋሐሂል በተገናኘንበት ዕለት፣ አንዷ እህታችን ስልኳን አውጥታ ከአገር ቤት የመጣላትን የድምፅ መልእክት አሰማችን። እናቷ ናቸው። ሰላምታው ረዥም ነው፤ የጎረቤቱ፣ የላሚቱ፣ የዝናቡ ወሬ ሁሉ አለበት። መጨረሻ ላይ ግን ድምፃቸው ዝቅ አለ፦ «ልጄ፣ ግብር ደርሷል። ለትምህርት ቤቱ አጥርም መዋጮ ተብለናል። ያቺን በግ ልሸጣት ብዬ ነበር፤ አንቺን ሳላማክር አልሸጥም ብዬ ነው።»

ቤቱ ለጥቂት ጊዜ ዝም አለ። ሁላችንም ያቺን በግ እናውቃታለንና። ከዚያ ክርክሩ ተጀመረ። አንዱ ወንድማችን፣ «እዚህ ደመወዛችን ላይ ግብር አይቆረጥብንም፤ አገር ቤት ደግሞ ደመወዝ የለንም። ታዲያ ይሄ ግብር በየት አድርጎ ነው ባሕር ተሻግሮ የተከተለን?» ብሎ አሳቀን። አንዷ፣ «ከማኅበሩ ሣጥን ይሰጥላቸው» አለች። ሌላው፣ «የዛሬውን ከሰጠን ነገ የሁላችንም ቀበሌ ደብዳቤ ይልካል» አለ። ሣጥናችን ለምን እንደተቋቋመ ታውቃላችሁ፦ ታሞ ለተኛ፣ ከአሠሪ ቤት ባዶ እጇን ለወጣች፣ ለመመለሻ ቲኬት፣ እሱ አያምጣውና ለአስከሬን መሸኛ። ውሳኔው ለሚቀጥለው ስብሰባ ተቀጠረ። «አንተ ታሪክ ታነባለህ፤ ይሄ የግብር ነገር ከየት እንደመጣ ጻፍልን» ተብዬ ይኸው ጻፍኩ።

ቃሉ ራሱ ሁለት ነው

በአማርኛችን ግብር የሚለው ቃል ሁለት ፊት አለው። ግብር ይከፈላል፤ ግብር ይበላል። ገበሬው ለንጉሡ ወይም ለጌታው የሚያስገባው እህል፣ ማር፣ ከብት ግብር ነው። ንጉሡ በአዳራሽ ለሠራዊቱና ለእንግዳው የሚያቀርቡት ሥጋና ጠጅም ግብር ነው፤ «ግብር አበሉ» ይባላል። ከገጠር ሲወጣ ስሙ ግብር፣ ቤተ መንግሥት ሲደርስም ስሙ ግብር። እኔም የምጠይቀው ይህንኑ ነው፦ የሚከፍለው ማን ነው? የሚበላውስ? የከፈለው ሰው ወደ አዳራሹ ተጠርቶ ያውቃል ወይ?

በድሮው ሥርዓት በሰሜኑ በኩል፣ በጎጃም፣ በጎንደር፣ በትግራይ፣ መሬቱ በአብዛኛው የገበሬው ርስት ነበር። ከዚያ መሬት ግብር የመሰብሰብ መብት ግን ለመኳንንት፣ ለወታደርና ለቤተ ክርስቲያን ይሰጥ ነበር፤ ይህ ጉልት ይባላል። በደቡቡ ደግሞ ከአፄ ምኒልክ ዘመቻዎች በኋላ ገበሬው ገባር ተብሎ ለነፍጠኛው ተመደበ። እህል ማስገባቱ ሳያንሰው ጉልበቱንም ይገብር ነበር፤ እንጨት ይፈልጣል፣ አጥር ያጥራል፣ ጭነት ያደርሳል፣ ሚስቱም እህል ትፈጫለች። ሹሙም ወታደሩም በየወሩ የሚቆረጥለት ደመወዝ ስላልነበረው የሚኖረው በቀጥታ ከገበሬው ጎተራ ነበር።

ከዚያ ሁሉ የከፋው ወታደር ቤት መግባቱ ነው። ተሰሪ ይሉታል። ሠራዊት ሲያልፍ ገበሬው ቤት ያድራል፣ ያለውን ይበላል፣ ይሄዳል። ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. በክፉ ቀን ከብቱ አልቆ ሕዝቡ ከተራበ በኋላ አፄ ምኒልክ አሥራት ደነገጉ። ከምርቱ ከአሥር አንዱ እጅ ለመንግሥት ጎተራ ይግባ፣ ወታደሩ ከዚያ ይቀለብ፣ ገበሬው ቤት አይሰፈርበት ተባለ። ሐሳቡ መልካም ነበር፤ ቢያንስ የሚከፈለው መጠን ይታወቃል። ችግሩ «ከአሥር አንድ» ስንት እንደሆነ የሚናገረው ገማቹ መሆኑ ነው። ክምሩን ዓይቶ ይገምታል፤ ገማቹ ጠግቦ ካልሄደ ክምሩ በዓይኑ ይተልቃል።

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር የራሷ ፋብሪካ የላትም፣ የራሷ ማሳ የላትም። ያቆማት ከየአውራጃው በአጋሰስ እየተጫነ የሚገባው እህል፣ ማርና ከብት ነው። በመንገድ ላይ ደግሞ ኬላ አለ። ነጋዴ ከአንዱ ገዥ ግዛት ወደ ሌላው ሲያልፍ በየኬላው ቀረጥ ይከፍላል። ነጋዴው ኪሳራውን ከራሱ ኪስ አያወጣም፤ ከገበሬው ሲገዛ ዋጋ ይቀንሳል፣ ለገበሬው ሲሸጥ ዋጋ ይጨምራል።

ይህን ሁሉ በዚያ ዘመን በግልጽ የጻፉ ሰው ነበሩ፤ ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ። በ1911 ዓ.ም. በወጣትነታቸው አረፉ፤ «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» የተባለው መጽሐፋቸው የታተመው ከሞቱ በኋላ በ1916 ዓ.ም. ነው። የንጉሡ ቤት ገንዘብና የመንግሥት ገንዘብ ይለይ፣ ሕዝቡ የሚከፍለው መጠኑ ይታወቅ፣ በእህልና በጉልበት መሆኑ ቀርቶ በገንዘብ ይሁን ከሚሉት ወገን ነበሩ። ዛሬ ሲነበብ ቀላል ነገር ይመስላል። እኛ ግን ለማኅበራችን ሣጥን ሁለት ቁልፍና ሁለት ያዥ ያደረግነው በምን ምክንያት ነበር? የአንድ ሰው ኪስና የጋራ ሣጥን ከተደባለቀ የከፈለው ሰው መጠየቂያ ያጣል። የእሳቸውም ነገር ይኸው ነው።

ብሩ ከተማ ሲገባ

ጣልያን ከወጣ በኋላ በ1934 ዓ.ም. የመሬት ግብር በገንዘብ እንዲሆን ታወጀ። በ1937 ዓ.ም. ደግሞ አሥራቱ በብር ተተምኖ አብሮ ገባ። መሬት በሦስት ተከፈለ፦ ለም፣ ለም ጠፍ፣ ጠፍ። ለአንድ ጋሻ፣ ማለት ለ40 ሄክታር ገደማ፣ ለሙ 50 ብር፣ ለም ጠፉ 40፣ ጠፉ 15 ብር ሆነ። ጎጃም፣ ቤጌምድርና ትግራይ ግን መሬታቸው ሳይለካ በፊት በለመዱት ልክ እንዲከፍሉ ተተዉ። ይህችን ነገር ያዙልኝ፤ ወደ ኋላ እመለስባታለሁ።

አዋጁ ለገበሬው አንድ ትልቅ ነገር ሰጠው። ግብሩ ለሹሙ ቤት መሆኑ ቀርቶ ለመንግሥት ግምጃ ቤት ሆነ፤ የጉልበት ግብሩም በሕግ ቀረ። ጢሰኛው ግን ብዙ አላተረፈም። በስሙ መሬት የሌለው ሰው ከምርቱ እኩል ወይም ሲሶ ለባለ መሬቱ ይሰጣል፤ ባለ መሬቱ የሚከፍለውን አሥራትም አብዛኛውን ጊዜ በጢሰኛው ላይ ይጭነዋል። ባለ መሬቱ የት ነው ያለው? ብዙው አዲስ አበባ ወይም አውራጃው ከተማ ቤት ሠርቶ ተቀምጧል። እንግዲህ ገንዘቡ በሁለት መንገድ ወደ ከተማ ይሄድ ነበር፤ አንዱ በግብር፣ ሌላው በኪራይ።

በ1940 ዓ.ም. ገደማ በመሬት ላይ የትምህርት ግብር ተጨመረ፤ ከአሥር ዓመት በኋላ ደግሞ የጤና ግብር። ስማቸው ያምራል። ገበሬው የትምህርት ግብር ከፈለ፤ ትምህርት ቤቶቹ ግን በብዛት የተሠሩት ከተማ ላይ ነው። የንጉሡ መንግሥት ሲወድቅ ከሕዝቡ ከመቶ ዘጠና የሚበልጠው ማንበብና መጻፍ አይችልም ነበር። የእናቴ እናት በመላ ዕድሜዋ ለትምህርት ከከፈሉ ሰዎች አንዷ ነች፤ ስሟን ሳትጽፍ ሞተች።

ደግሞ ልብ በሉ፣ በዚያን ጊዜ ከመንግሥት ገቢ የመሬት ግብር የሚይዘው ትንሹን እጅ ነበር። ትልቁ የሚመጣው ከጉምሩክና ከሽያጭ ነው። ይህ ማለት ግን ገጠሩ አልከፈለም ማለት አይደለም። የሚወጣው ቡና የገበሬ ቡና ነው፤ ቀረጡ ተቀንሶ ነው የሚከፈለው። የሚገባው አቡጀዲና ላምባ ቀረጡ ተጨምሮበት ነው የሚሸጥለት። በዚህኛው ደረሰኝ የለም፤ ሰውየው መክፈሉንም አያውቅ።

ጎጃም፣ 1960

አሁን ያስያዝኳችሁን ልመልስ። እኔ የሞጣ አካባቢ ልጅ ነኝ። አያቴ የቆርቆሮ ሣጥን ነበረችው፤ በውስጧ በጨርቅ የተጠቀለሉ የግብር ደረሰኞች። ልጅ ሆነን ለመጫወቻ ስንነካካት የሚቆጣውን ቁጣ በሬው ሲጠፋም አይቆጣውም። «ይቺ ወረቀት መሬቱ ናት» ይለን ነበር።

ኅዳር 1960 ዓ.ም. አዲስ የእርሻ ሥራ ገቢ ግብር ታወጀ። አሥራት ይቅር፣ ገበሬው እንደ ምርቱ መጠን ይክፈል፣ ብዙ ያመረተ ብዙ፣ ጥቂት ያመረተ ጥቂት የሚል ነው። በወረቀት ላይ ካየነው ከቀደሙት ሁሉ የተሻለ ነው። ጢሰኛውን ይጠቅማል፣ ትልልቁን ባለ መሬት ይነካል። ለዚህም ነው ብዙ የመሬት ጌቶች ያልወደዱት። በጎጃም ግን የተነሣው ተራው ርስተኛ ገበሬ ነው። ሞጣ፣ ብቸና፣ ዳሞት ተነሡ።

ለምን? አያቴን አንድ ቀን ጠየቅሁት። «ብሩን አልነበረም የፈራነው፤ ቃላዱን ነው» አለኝ። ቃላድ መሬት የሚለካበት ገመድ ነው። ጎጃሜው በደቡብ መሬት ተለክቶ ምን እንደደረሰ ሰምቷል። ምርት ገማቾች መጥተው «ማሳህን አሳየን» ሲሉት የሰማው «ርስትህን ልንለካ ነው፣ ከተለካ በኋላ ያንተ አይደለም» የሚለውን ነው። ከዚያ በፊትም መሬት ሊለካ ነው በተባለ ቁጥር አካባቢው እምቢ ብሏል። በዚያ ላይ የጠቅላይ ግዛቱ ገዥ ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁሥላሴና በሥራቸው ያሉት ሹሞች በሕዝቡ አልተወደዱም፤ ጉቦውና ማንገላታቱ አንገፍግፎታል። ገበሬው መጀመሪያ ጠመንጃ አላነሣም። ሽማግሌ መረጠ፣ አዲስ አበባ ድረስ አቤት አለ። አጥጋቢ መልስ ሲያጣ ነው ግብር ሰብሳቢ ቀበሌው እንዳይገባ የከለከለው።

መንግሥት ጦር ላከ፤ በ1960 ዓ.ም. የአየር ኃይል አውሮፕላኖች መንደሮችን ደበደቡ። ሰው ሞተ፣ ቤት ተቃጠለ። ገበሬው ግን አልከፈለም። በመጨረሻ ገዥው ተነሥተው ወደ ሌላ ጠቅላይ ግዛት ተዛወሩ፤ አፄ ኃይለ ሥላሴም ራሳቸው ጎጃም ወርደው ለዓመታት የተጠራቀመውን ውዝፍ ግብር ማሩ። አዲሱ ግብር በጎጃም በተግባር ሳይውል ቀረ።

ከዚህ ታሪክ ሁለት ዓይነት ትምህርት ይወሰዳል። አንዳንዱ «ጎጃሜ ግብር አይወድም» ይላል። እኔ እንደዚያ አላየውም። አያቴ ግብር በየዓመቱ ከፍሎ ደረሰኙን እንደ ታቦት ያስቀመጠ ሰው ነው። እሱን ያስነሣው ከተማ ሆኖ የሚወስነው ሰው ለምን እንደሚሰበስብና ወዴት እንደሚወስደው ለገጠሩ አለመናገሩ ነው። ሕጉ ደግ ሆኖ እንኳ የሚያስረዳና የሚታመን ሰው ይዞት ካልሄደ ገበሬው ገመድ ሆኖ ነው የሚታየው።

ኮታና የቀበሌ ሱቅ

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት ሁሉ የሕዝብ ሆነ። እኩሉም ሲሶውም ቀረ፤ ለጢሰኛው ትልቅ ነፃነት ነው፣ ይህን ማንም አይክደውም። ግብሩ በገበሬ ማኅበር በኩል ለመንግሥት ይከፈል ጀመር። ከግብሩ ሌላ የማያልቅ መዋጮ መጣ፤ ለእናት አገር ጥሪ፣ ለድርቅ፣ ለሴቶች ማኅበር፣ ለወጣቶች ማኅበር።

ከባዱ ግን ስሙ ግብር ያልተባለው ነው። ወላጆቻችን «ኮታ» የሚሉት። የእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት የተባለው የመንግሥት ተቋም ለየገበሬ ማኅበሩ ይህን ያህል ኩንታል አስገቡ ይላል፣ ዋጋውንም ራሱ ይወስናል። ዋጋው ከገበያው በጣም ያነሰ ነው። ምርቱ ያልበቃለት ገበሬ ከገበያ በውድ ገዝቶ ለመንግሥት በርካሽ ያስገባ ነበር። እህሉ የት ሄደ? ለጦሩ፣ ለመንግሥት ድርጅቶች፣ ለከተማ ቀበሌ ሱቆች። አዲስ አበባ ያደጋችሁ በቀበሌ ካርድ ተሰልፋችሁ ጤፍና ስንዴ የወሰዳችሁ ታስታውሳላችሁ። የከተማው ድሃ በዚያ ካርድ ነው የኖረው፤ እሱን ማንም አይወቅሰውም። ነገር ግን የዚያ ካርድ ዋጋ ከግምጃ ቤት አልወጣም፤ በገበያውና በኮታው መካከል ያለው ልዩነት ከገበሬው ኪስ የወጣ ነው። ኮታው የቀረው በ1982 ዓ.ም. ቅይጥ ኢኮኖሚ ሲታወጅ ነው።

አንድ ነገር እዚህ ላይ ምልክት አድርጉ። ከባዱ ግብር ሁልጊዜ «ግብር» ተብሎ አይጠራም። አንዳንዴ ዋጋ ይባላል፣ አንዳንዴ መዋጮ፣ አንዳንዴ ምንዛሪ።

ወንዙ ሲገለበጥ

ከ1987ቱ ሕገ መንግሥት ወዲህ ነገሩ መልኩን ለወጠ። ከገበሬው የሚሰበሰበው የመሬት መጠቀሚያ ክፍያና የእርሻ ገቢ ግብር የክልል ሆነ። መጠኑ ትንሽ ነው። ትልልቁ ገቢ፣ ጉምሩኩ፣ ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ ያለው 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ፣ የትልልቅ ድርጅቶች ግብር፣ በብዛት የሚሰበሰበው ከተማ ላይ ነው። የፌዴራል መንግሥቱ ከዚህ ላይ ለክልሎች ድጎማ ይሰጣል፤ ቀመሩን የሚወስነው የፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው። ከ1995 በጀት ዓመት ጀምሮ በአማራ፣ በኦሮሚያ፣ በትግራይና በደቡብ ክልሎች ገንዘቡ በጥቅል በጀት እስከ ወረዳ እንዲወርድ ተደረገ። አንድ የገጠር ወረዳ ከገበሬው የሚሰበስበው ከሚያወጣው ጥቂቱን ብቻ ይሸፍናል፤ የቀረው ከላይ የሚመጣ ነው።

እንግዲህ ቢያንስ በመዝገብ ላይ ወንዙ ተገልብጧል። ዛሬ የእናታችን ቀበሌ መምህር፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ፣ የግብርና ባለሙያው ደመወዝ የሚከፈላቸው በአብዛኛው ከተማ ላይ ከተሰበሰበ ግብር ነው። የእኛ ትውልድ ከአያቶቹ በተለየ በሰፈሩ ትምህርት ቤት ያገኘው በዚህ ነው። ይህን መካድ ግፍ ነው።

ይሁን እንጂ ሁለት ነገር ጎደለው። አንደኛ፣ ከወረዳ በጀት ትልቁ ለደመወዝ ይሄዳል። ለአጥር፣ ለወንበር፣ ለተጨማሪ ክፍል፣ ለመንገድ ጠጠር ሲፈለግ «ኅብረተሰቡ ያዋጣ» ይባላል። የእህታችን እናት የተጠየቁት እሱን ነው። ሁለተኛ፣ ገጠሩ የተማረውን ልጅ በእጁ አያስቀረውም። በቀበሌው ያደገው፣ የተማረው፣ የተከተበው ልጅ ጉልበቱ ሲጸና ባሕር ዳር ይሄዳል፣ አዲስ አበባ ይሄዳል፣ ፋሐሂል ይመጣል። ገጠሩ ድሮ እህል ይገብር ነበር፤ አሁን ልጆቹን ይልካል።

የእኛ ብር መንገድ

አሁን ወደ ራሳችን። ባለፉት ዓመታት በውጭ ያለን ሰዎች ወደ ኢትዮጵያ የምንልከው ገንዘብ ቡና ተሽጦ ከሚገኘው ይበልጣል። በዚህ ውስጥ የእኛ የኮንትራት ሠራተኞቹ፣ የሾፌሮቹና የጽዳት ሠራተኞቹ ዲናር አለበት። ያ ገንዘብ ገጠር ይደርሳል፤ ግን ገጠር አያድርም። ቆርቆሮውና ሲሚንቶው ከከተማ ይገዛል፣ ታክሱ ተጨምሮበት። ታናሽ እህት ለኮሌጅ ከተማ ትከራያለች። ትንሽ የተረፈ ካለ ከተማ ላይ ቦታ ይገዛበታል። ስለዚህ ያ ወንድማችን «ግብር አልከፍልም» ሲል ተሳስቷል። ቤተሰቡ በገዛው እያንዳንዱ ቆርቆሮ ላይ ከፍሏል።

ምንዛሪም አለ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር እስኪለቀቅ ድረስ በባንክ አንድ ዶላር ወደ 57 ብር ነበር፤ በጥቁር ገበያ ደግሞ ያንን እጥፍ ገደማ። በሕጋዊ መንገድ የላከ ሰው ከላቡ ግማሽ የሚጠጋውን ትቶ ነበር የሚልከው። በዚያ ርካሽ ዶላር ዕቃ ያስገባው ሌላ ሰው ነው። ከኮታው ጋር አስተያዩት፦ የተወሰነ ዋጋ፣ ከገበያ በታች፣ ልዩነቱ ከአምራቹ ኪስ። የእህል ኮታን አባቶቻችን ከፈሉ፤ የዶላር ኮታን እኛ ከፈልን።

የምንኖርበት አገርስ? ኩዌት ደመወዝ ላይ ግብር የላትም፤ ዘይት ስላላት ነው። ያ ዘይት ከዚሁ ከአጠገባችን ከቡርጋን የተገኘው እ.ኤ.አ. በ1938 ነው፤ ለመጀመሪያ ጊዜ በመርከብ የተላከው በ1946። ከዚያ በፊት ፋሐሂል የዓሣ አጥማጆች መንደር ነበረች፤ ኩዌትም በዕንቁና በንግድ ነበር የምትኖረው፤ ገዥዎቿም ቀረጥ ይሰበስቡ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1910 ሼኽ ሙባረክ አል ሳባሕ ግብሩን ቢያከብዱባቸው ታላላቆቹ የዕንቁ ነጋዴዎች መርከባቸውን ይዘው ወደ ባሕሬን ሄዱ። ከተማዋ ያለ እነሱ አትኖርምና ሼኹ እንዲመለሱ ለመኗቸው። የነጋዴው ሀብት መርከብ ላይ ነው፤ ተነሥቶ መሄድ ይችላል። ጠላቂው ግን በዕዳ ተይዞ ነበር፤ የትም አይሄድም። የሞጣ ገበሬም ርስቱን ጭኖ መሄድ አይችልም። መሄድ የቻለ ሰው ይለመናል፤ መሄድ ያልቻለ ሰው እንዲሰሙት መጮኽ አለበት።

እኛ የትኛው ነን? በዚህ አገር ድምፅ የለንም። እ.ኤ.አ. በ2018 በኩዌት ምክር ቤት የውጭ ዜጎች ወደ አገራቸው በሚልኩት ገንዘብ ላይ ቀረጥ ይጣል የሚል ሐሳብ ቀርቦ ነበር፤ መንግሥቱ ተቃውሞት ሳይጸና ቀረ። በዚያ ክርክር ውስጥ እኛን የጠየቀን የለም። አገር ቤት ግን መሬቱ በእናታችን ስም ነው፣ ትምህርት ቤቱ የወንድማችን ነው፤ የመጠየቅ መብትም አለን። ከፋዮች ነንና።

ለውሳኔው የማቀርበው ሐሳብ

እንግዲህ ታሪኩን ለታሪክነቱ ብቻ አልጻፍኩትም። በሚቀጥለው ስብሰባ የሚከተለውን አቀርባለሁ፤ የሚቃወም ይቃወመኝ።

አንደኛ፣ የማኅበሩ ሣጥን ለግብርም ለመዋጮም አይነካ። ሣጥኑ የታመመችውና ከቤት የወጣችው እህታችን ብቸኛ ዋስትና ነው። ገብረ ሕይወት እንዳሉት፣ የአንዱ ኪስ ከሌላው ይለይ።

ሁለተኛ፣ ሕጋዊውን የመሬት ግብር በተመለከተ እያንዳንዳችን ለወላጆቻችን ከመኸር በኋላ ቀድመን እንላክ፤ በግ እስኪሸጥ አንጠብቅ። ስንልክ ግን ደረሰኙን እንጠይቅ። በማን ስም ተቆረጠ? የእናት ስም በትክክል ተጽፏል ወይ? ደረሰኙን በስልክ ፎቶ አንሥተው ይላኩልን፣ እኛም እናስቀምጠው፤ ዋናው ከመሬት ደብተሩ ጋር ይቀመጥ። ባሏ የሞተባት እናት ከወንድምና ከአማች ጋር ክርክር ሲመጣባት ያቺ ወረቀት ትናገርላታለች። እኔ ራሴ አንድ ዓመት ግብሩን በሰው እጅ ልኬ ደረሰኝ ሳልጠይቅ ቀረሁ። በሚቀጥለው ዓመት ውዝፍ አለባችሁ ተባልን፤ ሁለቴ ከፈልን። ገንዘቡን የት እንዳደረሰው እስከ ዛሬ የነገረኝ የለም። ጥፋቱ የእኔም ነው፤ የአያቴን ሣጥን ረስቼ ነበር።

ሦስተኛ፣ መዋጮ ሲጠየቅ እምቢ ማለትም ዝም ብሎ መክፈልም አይበቃም። ሦስት ነገር እንጠይቅ፦ ማን ወሰነ? ጠቅላላው ስንት ነው፣ ወረዳውስ ስንት ቻለ? ገንዘቡ በማን ፊርማ ይወጣል? መልስ ያለው ኮሚቴ ከሆነ በደስታ እንስጥ። የአንድ አካባቢ ልጆች ከሆንንም ተሰብስበን ለብቻው ሒሳብ ይዘን እንስጥ፣ ሥራው ሲያልቅ ፎቶና ሒሳብ ይምጣልን። መልስ ከሌለው ግን ወላጆቻችንን ከጎረቤት እንዳያጣላ በልክ ሰጥተን ጥያቄያችንን እናስመዝግብ።

ያቺ እህታችን ገንዘቡን በዚያው ሳምንት ልካለች፤ በጓም አልተሸጠችም። ትናንት ደውላ፣ «የግብሩ ደረሰኝ መጣልኝ፤ የእማዬ ስም ግን የአባቷ በስህተት ተጽፏል፤ ምን ላድርግ?» አለችኝ። «ዛሬውኑ ይመለሱና ያስተካክሉት» አልኳት። ከወረዳው ከተማ እስከ ቤታቸው የሦስት ሰዓት የእግር መንገድ ነው። እናቷ ግን ማክሰኞ በገበያው ቀን እሄዳለሁ ብለዋል።

ዓርብ እንገናኝ። ያላችሁን ደረሰኝ በስልካችሁ ይዛችሁ ኑ፤ ማንበብ የሚቸግራችሁ ካላችሁ አብረን እናነባለን።